አስከሬን ከፍቶ መማር ይቅር ላሉት ጸሐፊ፦ አይቅር፤ ፈቃድ ይጠየቅበት

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን ከፍተው የሚማሩት ትምህርት በአገራችን እንዲቀር ይጠይቃል። ጸሐፊው የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ስድስት ናቸው። ልማዱ ከአውሮፓ የመጣ ባዕድ ነገር ነው፤ ሃይማኖታችን አይፈቅደውም፤ ኮምፒውተርና ሲቲ ስካን ስለተኩት ጊዜው አልፎበታል፤ የሞተን መክፈት የሞተውን ስለማያስነሣ ለሕሙማን የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ በትምህርት ቤት እንስሳ መክፈት ልጆችን ጭካኔ ያስተምራል፤ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ የሚጋደሙት ጠያቂ ያጡ ድሆች ናቸው ይላሉ። እኔ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ አናቶሚ፣ ማለትም የሰውን የአካል አሠራር፣ አስተምራለሁ፤ ጉዳዩ የዕለት ሥራዬ ነውና በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ከስድስቱ በአምስቱ አልስማማም። ስድስተኛው ግን እውነት አለው፤ ስለዚህም በመጨረሻ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ባዕድ ነው ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው እንደሚሉት አስከሬን መክፈት ለሙታን ክብር የሌላቸው አውሮፓውያን የፈጠሩት ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የሰው አስከሬን በሥርዓት ተከፍቶ ሲጠና የምናውቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፣ በአፍሪካ ምድር፣ በእስክንድርያ ነው፤ እኛ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ስናስመጣበት የኖርነው መንበር በስሟ በሚጠራው በዚያችው ከተማ። ሄሮፊሎስና ኤራሲስትራቶስ የተባሉት ሁለት ሐኪሞች ትውልዳቸው ግሪክ ቢሆንም የሠሩት እዚያ ተቀምጠው ነው። ሰው የሚያስበው በአንጎሉ መሆኑንና ነርቭ ከደም ሥር የተለየ ነገር መሆኑን ሄሮፊሎስ ያስረዳው አስከሬን ከፍቶ ነው። ሴልሱስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ እነዚህ ሰዎች እስረኞችን ከነሕይወታቸው ከፍተዋል ብሎ ጽፎባቸዋል። እውነት ከሆነ ግፍ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ግፍ ልሸፍን አልተነሣሁም፤ ወደ ታች ስንደርስ እንደገና እናገኘዋለን።

ከእነርሱ በኋላ በሩ ሲዘጋ የሆነውን ግን ማየት ያስፈልጋል። በ2ኛው መቶ ዓመት ሮም ውስጥ ይኖር የነበረው ታላቁ ሐኪም ጋሌን የሰው አስከሬን ለመክፈት ስላልተቻለው ጦጣ፣ አሳማና በሬ እየከፈተ ስለ ሰው ጻፈ። በበሬና በበግ አንጎል ሥር ያለውን የደም ሥሮች መረብ አይቶ ሰውም አለው አለ። ሰው የለውም። የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው አለ። አንድ ነው። ይህ ሁሉ ከ1300 ዓመት በላይ በምሥራቅም በምዕራብም ሲነበብ፣ ሲተረጎምና ሲሸመደድ ኖረ። መምህሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ መጽሐፉን ያነባል፤ ሌላ ሰው ከታች ይቆርጣል፤ የታየው ከተነበበው ባይገጥም እንኳ የሚያምኑት የተነበበውን ነበር። በ1543 እ.ኤ.አ. የ28 ዓመቱ የፓዱዋ መምህር አንድሬያስ ቬሳሊየስ በገዛ እጁ ከፍቶ ያየውን በሥዕል አስደግፎ ሲያሳትም ነው የጋሌን ስሕተቶች በብዛት የተገለጡት። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አውሮፓን እንዲያደንቁ አይደለም። ሥጋ መጽሐፍን ማረም የሚችለው ሲከፈት ብቻ መሆኑን እንዲያውቁ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ዕውቀት ባለመኖሩ የጠፋ ነገር የለም ለሚሉትም እንጥል ማስቆረጥን አስታውሳቸዋለሁ። እንጥል አብጦ ፈንድቶ ሕፃን ይገድላል በሚል እምነት ስንት ጨቅላ ባልጸዳ ስለት ተቆርጧል! ጉሮሮ ተከፍቶ ሲታይ እንጥል ትንሽ ጡንቻና ዕጢ ያለባት የላንቃ ጫፍ ናት፤ የሚፈነዳ ነገር የላትም። ሕፃናትን የገደለው ከቆረጣው በኋላ የመጣው የደም መፍሰስና ቁስሉ የያዘው መርዝ ነው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ያስቆረጡት ሊያድኗቸው ብለው ነበር። የጎደላቸው ፍቅር አልነበረም፤ ያቺን ትንሽ ሥጋ ከፍቶ ያየ ሰው ነው ያጡት።

ስለ ሃይማኖት ባጭሩ እናገራለሁ፤ መናገር የሚገባቸው አባቶችና ዑለማዎች ናቸውና። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የሞተ አካልን መንካት ሁሉ ርኩሰት ነው ይላሉ፤ ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ይሆናል ቢልም፣ ቅዱሱ መጽሐፍ የሞተን መንካት ሁሉ አይከለክልም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 50 ላይ ዮሴፍ ባለ መድኃኒቶች የአባቱን አስከሬን በሽቱ እንዲያሹት ያዝዛል፤ ለዚህም አርባ ቀን ይፈጃሉ፤ ያዕቆብም ሳይበሰብስ ከግብፅ እስከ ከነዓን ተወስዶ ይቀበራል። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐጽም ታከብራለች፤ ዐጽም ከመቃብር ወጥቶ በክብር ወደ ሌላ ቦታ መሄዱ በዓል የሆነበት አገር ላይ ነን። ይህ ዳይሴክሽንን፣ ማለትም አስከሬን ከፍቶ መማርን፣ ይፈቅዳል ማለቴ አይደለም። ክብር ያለው ነገር በተነካው አካል ላይ ሳይሆን በሚነካው ሰው እጅና ልብ ላይ መሆኑን ግን ያሳያል። በእስልምናም የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን እንደ መስበር ነው የሚለው ሐዲስ የታወቀ ነው፤ ያም ሆኖ የሳዑዲ ዐረቢያ ከፍተኛ ዑለማዎች ምክር ቤት ወንጀል ለማጣራትና ወረርሽኝ ለመከላከል አስከሬን እንዲመረመር ፈቅዷል። ጸሐፊው የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያንም በመካከለኛው ዘመን ከልክላ ነበር ይላሉ። በ1299 እ.ኤ.አ. የወጣው የጳጳሱ ቦኒፋስ 8ኛ ትእዛዝ የከለከለው በሩቅ አገር የሞቱ ሰዎችን ሥጋ ቀቅሎ አጥንታቸውን ወደ አገራቸው መላክን ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1315 እ.ኤ.አ.፣ ሞንዲኖ ዴ ሉዚ በቦሎኛ አስከሬን በአደባባይ ከፍቶ ሲያስተምር እናገኘዋለን።

ሦስተኛው ነጥብ ዘመናዊ ስለሚመስል ብዙ አንባቢ የሚያሳምነው እርሱ ነው። ስክሪን ላይ የሚሽከረከር አካል እያለ ምላጭ ለምን ያስፈልጋል? ይህን ለመመለስ ያ የሚሽከረከር አካል ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይበቃል። በ1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለዓለም የለቀቀው የወንድ አካል ምስል የአንድ እውነተኛ ሰው ነው። በቴክሳስ በሞት የተቀጣና አስከሬኑን ለሳይንስ የተወ ሰው ነበር። በድኑ በረዶ ከሆነ በኋላ በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት እየተፋቀ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ 1,871 ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት የአንዲት ሴት አስከሬን በ0.33 ሚሊ ሜትር እየተፋቀ ከ5,000 በላይ ምስል ተገኘበት። ብዙ የኮምፒውተር አናቶሚ ፕሮግራሞች የተሠሩት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ዳይሴክሽንን አላስቀረም፤ የሁለት ሰዎችን ዳይሴክሽን እያባዛ ያሳያል። እኔም በኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያሳየው ያንኑ ሰው ነው፤ በሐኪሙ ፊት የሚተኛው ታካሚ ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ይህን ልዩነት በቅርብ ላሳይ። የብብት ትምህርት ቀን ተማሪዋ የአስከሬኑን ክንድ ከጎኑ አርቃ፣ ቆዳውን ገልጣ፣ ስቡን በወረንጦ ጥቂት በጥቂት እያነሣች ትገባለች። በመጽሐፏ ውስጥ ደም ቅዳው ቀይ፣ ደም መልሱ ሰማያዊ፣ ነርቩ ቢጫ ነው። እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማሊን ውስጥ በቆየ አካል ግን ሁሉም ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ ነው። እንግዲህ መለየት ያለባት በጣቷ ነው። ደም ቅዳው ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ሲጫኑት ተመልሶ ክብ ይሆናል። ደም መልሱ ተጨፍልቆ ይቀራል። ነርቩ ድፍን ነው፤ በሁለት ጣት መሀል ሲንከባለል ውስጡ ክፍት አለመሆኑ ይታወቃል። ከአንገት የወጡት አምስት የነርቭ ሥሮች እየተገናኙና እየተለያዩ ደም ቅዳውን ከበው ወደ ክንድ ይወርዳሉ፤ መጽሐፉ ይህንን እንደ ኤም ፊደል አድርጎ ይሥለዋል። በዚህ አስከሬን ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ከተባለበት ቦታ ቀድሞ ይወጣል። በቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ማገናኛ አለ። ተማሪዋ መጀመሪያ የተሳሳተችው እርሷ ይመስላታል፤ ቀጥላ መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስላታል፤ በመጨረሻ ሁለቱም እንዳልተሳሳቱ፣ ሰው ሁሉ ውስጡም እንደ ፊቱ የየራሱ እንደሆነ ትረዳለች። ይህን የተረዳች ሐኪም ለቢላዋ አትቸኩልም።

ቸኩሎ መቁረጥ የሚያስከፍለውን የሚያውቁ እንቅርት ያስወጡ ሰዎች ናቸው። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከአንገት ወደ ደረት ወርዶ፣ በግራ በኩል በትልቁ የልብ ደም ቅዳ ሥር፣ በቀኝ በኩል ወደ ክንድ በሚሄደው ደም ቅዳ ሥር ዞሮ፣ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መሀል ወደ ጉሮሮ ተመልሶ ይወጣል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያልፈውም ልክ ከእንቅርት ዕጢው ጀርባ ነው። በጥቂት ሰዎች፣ ከመቶ በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ፣ የቀኙ ጭራሽ ሳይዞር በቀጥታ ከጎን ይገባል። በተለመደው ሲቲ ስካን ይህ ነርቭ ተለይቶ አይታይም። ከተቆረጠ ሰውየው ድምፁ ይሻክራል፤ ሁለቱም ወገን ከተጎዳ መተንፈስም ያቅተዋል። ቀዶ ሐኪሙ ነርቩን ፈልጎ አግኝቶ የሚጠብቀው ቀደም ሲል በማይደማ አንገት ላይ፣ መሳሳት ማንንም በማይጎዳበት ቦታ ስለፈለገው ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። መቀመጫው ላይ መርፌ የተወጋ ሁሉ ነርሷ ወደ ላይና ወደ ውጭ ያለውን ሩብ ለምን እንደመረጠች ማወቅ ከፈለገ፣ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ በታችኛውና በውስጠኛው በኩል እንደሚያልፍ ከፍተው ያዩ ሰዎች ስላስተማሯት ነው። ቦታው የተሳተባቸው ሕፃናት እግራቸውን እየጎተቱ ያድጋሉ።

እጅና መሣሪያ እንደማይጣሉ ለማየት የሚፈልግ ደግሞ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ። በ2000 እ.ኤ.አ. በዲኪካ የተገኘችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷን ሕፃን ሰላምን ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከአሸዋ ድንጋዩ ያላቀቋት የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ይዘው፣ ቅንጣት በቅንጣት እየፋቁ፣ ዓመታት ፈጅተው ነው። ሲቲ ስካን ገና ያልበቀሉ ጥርሶቿን አሳይቶ ዕድሜዋን ለመገመት ረድቷል። የምላሷን ሥር አጥንት ግን ፍቆ ያወጣው የሰው እጅ ነው።

የሞተን መክፈት ለሕሙማን አይጠቅምም የሚለውን ሳነብ ጸሐፊው ጥሬ ሥጋ ይበሉ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። የሚበሉ ከሆነ በየሳምንቱ ዳይሴክሽን ይጠብቃቸዋል። ቄራ ውስጥ የሥጋ መርማሪው ከእያንዳንዱ በሬ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን በቢላዋ እየሰነጠቀ ያያል፤ የሚፈልገውም 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ውስጡ ውኃ ያለው ነጭ ከረጢት ነው። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ጽንስ ነው። ጉበቱን ቆርጦ የጉበት ትል፣ ሳንባውን ዳብሶ ውኃ የቋጠረ እባጭ፣ ንፍፊቶቹን ሰንጥቆ የከብት ነቀርሳ ይፈልጋል። ሥጋ ቤት በራፍ ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው የታፋ ማኅተም የዚህ ሥራ ምስክር ወረቀት ነው። አባቶቻችን ኮሶ ከሥጋ እንደሚመጣ ይጠረጥሩ ይሆናል፤ የኮሶን ዛፍ አበባ ቀጥቅጠው በየጊዜው እየጠጡ ትሉን ያወጡት ነበር። በሥጋ ውስጥ ያለው ከረጢትና በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ረጅም ትል አንድ ፍጥረት መሆናቸው የተረጋገጠው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ሆድ ተከፍቶ ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. ፍሪድሪኽ ኪውኽንማይስተር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከአሳማ ሥጋ የተገኙ ከረጢቶችን ለአንድ የሞት ፍርደኛ ሳያሳውቀው በምግቡ ውስጥ አበላው፤ ሰውየው ከተገደለ በኋላ አንጀቱ ሲከፈት ትንንሽ ትሎች ተጣብቀው ተገኙ። ዕውቀቱ እውነተኛ ነው፤ እኔም እርስዎም ዛሬ እንጠቀምበታለን። የተገኘበት መንገድ ግን ነውር ነው። ምግቡ ውስጥ ምን እንዳለ ለዚያ ሰው የነገረው አልነበረም።

የሰው አስከሬን ምርመራም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰዎች በምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየመቃብር ስፍራው የቀብር ምዝገባ ክትትል ሲያደርጉ ነበር። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ የኤድስ ወረርሽኝ ከተማዋን ምን ያህል እንደጎዳት ያሳየ ነው። ሆኖም የሞቱ ምክንያት ተብሎ የሚጻፈው በአብዛኛው ዘመድ የሚናገረው ነው፤ ዘመድ ደግሞ የሚያውቀው ያየውን ነው፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ ድንገተኛ ውድቀት። በሐረር ከተማና በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከወላጆች ፈቃድ ጠይቀው ከሞቱ ሕፃናት አካል በመርፌ ናሙና እየወሰዱ የሞታቸውን ምክንያት ይመረምራሉ። ልጅ የሞተባት እናት ፊት ቆሞ ይህን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ግን ይጠይቃሉ፤ የሚፈቅዱም ወላጆች አሉ፤ ምክንያቱም ቀጣዩን ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ ይፈልጋሉ።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በመስቀል አደባባይ በኩል ያለፈ የአዲስ አበባ ሰው ይረዳኛል። በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጥንቶች በመስታወት ውስጥ አሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ለልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሥራ የመጡ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መቃብር በመቆፈርና አጥንት በመለየት አግዘዋል። የዳሌ አጥንት ሟቹ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ያልተዘጋ የአጥንት ጫፍ ገና ያልጠና ወጣት መሆኑን፣ የጭን አጥንት ርዝመት ቁመቱን ይናገራል። ይህን ማንበብ የሚችል ሰው አስቀድሞ አጥንትን በአስከሬን ላይ የተማረ ነው። ልጃቸው የት እንደገባ ሳያውቁ ለዐሥርት ዓመታት በር በሩን ሲያዩ ለኖሩ እናቶች የሞተ አካል ከተቀበረ አይነካ ማለት ይከብደኛል።

ስለ እንስሳቱ ብዙ አልልም። እንቁራሪት ለእያንዳንዱ ተማሪ መግደል አስፈላጊ አይደለም፤ በዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ልጆች ማየት ያለባቸውን ልብና ኩላሊት ከሥጋ ቤት መግዛት ይቻላል፤ የበግ ልብ አራቱንም ክፍሎች አሟልቶ ያሳያል። ልጅ የልብን በር በጣቱ ከፍቶ ዘግቶ ሲያይ ጨካኝ ሲሆን ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ስድስተኛው። ጠረጴዛው ላይ የሚጋደሙት ጠያቂ ያጡ ድሆች ናቸው ይላሉ ጸሐፊው። አዎ፤ በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያሉት አስከሬኖች በአብዛኛው ባለቤት ያልተገኘላቸው ሰዎች ናቸው። ከገጠር ለሥራ መጥቶ መንገድ ላይ የወደቀ፣ ስሙን ሳይናገር ሆስፒታል የሞተ፣ ዘመድ ያልደረሰለት። በ2004 ዓ.ም. አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ ወዲህ ተማሪው በዝቶ አስከሬኑ አንሷል፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ትከሻ ነው። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ሺህ ሕሙማን የሚተርፍ ነገር ሰጥተውናል፤ እኛ ግን አልጠየቅናቸውም። የእኛ የመምህራን ዝምታ በዚህ ላይ ረዝሟል።

ይህ የእኛ ብቻ በደል አይደለም፤ የሌሎቹን ማወቅ ግን መንገዱን ያሳየናል። በ1828 እ.ኤ.አ. በኤድንብራ ከተማ በርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰው ገድለው አስከሬኑን ለአናቶሚ መምህር ሸጡ። የሞቱት ደሀና እንግዳ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዝ በ1832 ያወጣችው ሕግ ግድያውን አስቆመ፤ ነገር ግን በድሆች መጠለያ ሞቶ ጠያቂ ያጣውን ሰው አስከሬን ለትምህርት ቤቶች ፈቀደ። ሸክሙን ከነፍሰ ገዳይ ላይ አንሥቶ በድሀው ላይ ጫነው ማለት ነው። ዛሬ እኛ ያለነው በዚያው በ1832 ላይ ነው። እነርሱ ግን ከዚያ አልፈዋል፦ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት አስከሬኑ ለአናቶሚ የሚውለው ባለቤቱ ራሱ በሕይወት ሳለ፣ በጽሑፍ፣ ምስክር ባለበት ከፈቀደ ብቻ ነው። ልጁ ወይም ሚስቱ እንኳ ሊፈቅዱለት አይችሉም። ትምህርቱ በዚህ ምክንያት አልቆመም።

ታይላንድ ውስጥ የለገሰውን ሰው ታላቁ መምህር ይሉታል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሥርዓቱ በክብር ይፈጸምለታል። በታይዋን ፁ ቺ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪዎቹ ምላጭ ከመያዛቸው በፊት የለጋሹ ቤተሰብ ቤት ድረስ ሄደው ሰውየው ማን እንደነበር ይሰማሉ፤ ሲጨርሱም የከፈቱትን ሰፍተው፣ አልብሰው፣ ሣጥኑን ራሳቸው ተሸክመው ይሸኛሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የምቀናው በላቦራቶሪያቸው አይደለም። የሚያስተምራቸውን ሰው ስም ማወቃቸው ነው የሚያስቀናኝ።

ጸሐፊው ሕዝባችን ይህን በፍጹም አይቀበልም ይላሉ። በዚህችው ከተማ በሰኔ 1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ተቋቁሟል፤ ከሞትኩ በኋላ የዓይኔ ብሌን ይሰጥልኝ ብለው የፈረሙ ሰዎች አሉ፤ በእነርሱ ስጦታ የሚያዩ ሰዎች ዛሬ በመንገዳችን ላይ ይሄዳሉ። ያኔም አይሆንም ተብሎ ነበር። የተጠየቀ ሰው መልስ ይሰጣል፤ አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ መብቱ ነው። ፈጥኖ መቅበር ሃይማኖታዊ ግዴታቸው የሆነ ሙስሊም ወገኖቻችንም ሆኑ ማንም ሌላ ሰው ሊጫን አይገባም። የወንጀል ሕጋችን የሙታንን ክብር መድፈር ያስቀጣል፤ የጎደለን ሰው በሕይወት ሳለ ፈቃዱን የሚሰጥበት ግልጽ ቅጽ፣ መዝገብና አሠራር ነው።

የሚከብደው ጥያቄ የለቅሶው ነው፤ ጸሐፊው አላነሡትም፣ እኔ ግን ከተማሪዎቼ ቤተሰቦች የሰማሁት ዋናው ፍርሃት እርሱ ነው። አስከሬን ከሌለ ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ ድንኳኑ በምን ይተከላል? ሠልስትና አርባ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? ፍትሐቱ አስከሬኑ ለትምህርት ቤቱ ከመሰጠቱ በፊት በቤተ ክርስቲያን ሊደረግ ይችላል ብዬ አስባለሁ፤ ሠልስቱም ከሞቱ ቀን ይቆጠር። ትምህርቱ ሲያልቅ አካሉ በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በሣጥን ለቤተሰቡ ተመልሶ በአጥቢያው ይቀበር፤ ወጪውን ትምህርት ቤቱ ይሸፍን፤ ተማሪዎቹም ቀብሩ ላይ ይገኙ። ዘመድ ለሌለው ሰውም እስከ ዛሬ በእኛ እጅ ላሉት ሁሉ ይኸው ይደረግ፤ ስማቸው የማይታወቅ ከሆነ የሞቱበት ቀንና ቦታ በመቃብራቸው ላይ ይጻፍ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእድር ደንብ አለ። አብዛኛው የእድር መተዳደሪያ ደንብ ገንዘቡን የሚከፍለው፣ አባላቱንም በስም ጠርቶ ቀሪውን የሚቀጣው በቀብር ቀን ነው። አካሉን የለገሰ ሰው ቤተሰብ በዚህ ደንብ መሠረት ገንዘብም ሸኚም ሊያጣ ይችላል። ደንቡ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ብትገባ፣ አባሉ አስከሬኑን ለሕክምና ትምህርት ቢለግስ አስከሬኑ የሚሰጥበት ቀን እንደ ቀብር ቀን ተቆጥሮ ክፍያው ይፈጸማል፣ አባላትም ይገኛሉ የምትል፣ ቀሪውን ሥራ እኛ እንሠራዋለን። ጸሐፊው ለድሆች ሙታን ያላቸው ተቆርቋሪነት እውነተኛ መሆኑን ጽሑፋቸው ይናገራል። ስለዚህ ይህችን አንቀጽ በየራሳችን እድር ቀጣይ ስብሰባ ላይ እንድናቀርባት እጠይቃቸዋለሁ፤ እርሳቸው በሰፈራቸው፣ እኔም በልደታ።